ዓሣን ማርባት በብልሃት፦ መድኃኒት፣ ክትባት ወይስ ቅጠል?

በሽታን በመድኃኒት የሚያሳድድ አርቢና አስቀድሞ የሚከላከል አርቢ በአንድ ገበያ እኩል አይሸጡም

እ.ኤ.አ. በ1987 የኖርዌይ ዓሣ አርቢዎች ወደ 50 ሺህ ቶን የሚጠጋ ሳልሞን ለገበያ ሲያቀርቡ፣ ያንኑ ዓሣ ከባክቴሪያ በሽታ ለማዳን ወደ 49 ቶን የሚጠጋ አንቲባዮቲክ ተጠቅመው ነበር። ለአንድ ቶን ዓሣ አንድ ኪሎ ገደማ መድኃኒት ማለት ነው። ዛሬ ይህችው አገር በዓመት ወደ 1.5 ሚሊዮን ቶን ሳልሞን ታመርታለች። የምትጠቀመው አንቲባዮቲክ ግን በጠቅላላው ከአንድ ቶን በታች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ለምሳሌ 301 ኪሎ ብቻ ነበር።

ከዓለም ሌላኛው ጫፍ፣ በደቡብ አሜሪካዋ ቺሊ፣ ያው ሳልሞን በዚያው ዓይነት የባሕር ውስጥ መረብ ይረባል። የቺሊ አርቢዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ብቻ 563 ቶን አንቲባዮቲክ ተጠቅመዋል። የቺሊ ምርት ከኖርዌይ ያነሰ ሆኖ ሳለ የመድኃኒቱ መጠን በብዙ መቶ እጥፍ መብለጡ ለሐኪም የጤና ጉዳይ ነው። ለነጋዴ ግን የዋጋ፣ የደንበኛና የትርፍ ጉዳይ ነው። ሁለቱን አገሮች የለያቸው በአመዛኙ አንድ ነገር ነው፦ አንደኛው በሽታውን የሚከላከል ክትባት አገኘ፤ ሌላኛው የያዘው በሽታ ለክትባት አልመች አለ። በዚህ ክፍተት ውስጥ ደግሞ ከዕፅዋት የሚጨመቁ ውህዶች ገበያ ለማግኘት እየተሽቀዳደሙ ይገኛሉ።

የበሽታው ሒሳብ

ዓሣ እርባታ ካፒታል የሚበላ ሥራ ነው። ከወጪው ሁሉ ትልቁ የመኖ ነው፤ በሳልሞን እርባታ የመኖ ወጪ ከጠቅላላው የማምረቻ ወጪ ግማሽ ያህሉን ይይዛል። አንድ ኪሎ የሳልሞን ሥጋ ለማምረት በአማካይ ከአንድ ኪሎ ጥቂት ከፍ ያለ መኖ ያስፈልጋል። ጫጩት ሳለ የሞተ ዓሣ ያስወጣው ወጪ ጥቂት ሲሆን፣ አድጎ ለሽያጭ ሲደርስ የሞተ ዓሣ ግን የበላውን መኖ ሁሉ ይዞ ነው የሚሄደው።

ለምሳሌ ያህል አንድ አርቢ 100 ሺህ ዓሣ በመረብ ውስጥ ቢኖረውና እያንዳንዳቸው አራት ኪሎ ሲደርሱ ከመቶው አምስቱ ቢሞቱ፣ የሚጠፋው 20 ቶን ዓሣ ነው። ለእነዚሁ ዓሦች በአንድ ኪሎ ሥጋ 1.2 ኪሎ ሒሳብ ወደ 24 ቶን የሚጠጋ መኖ ወጥቷል። ይህ መኖ አስቀድሞ ተገዝቷል፤ ምናልባትም በባንክ ብድር። አምስት በመቶ የሚለው ቁጥር በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም የዓመቱን ትርፍ ጠራርጎ ሊወስድ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አንቲባዮቲክ ይህን ኪሳራ ሙሉ በሙሉ መመለስ የማይችልበት ቀላል ምክንያት አለ። መድኃኒቱ ለዓሣ የሚሰጠው በመኖ ተለውሶ ነው። የታመመ ዓሣ ደግሞ መብላት ያቆማል። ስለሆነም መድኃኒቱን በብዛት የሚወስዱት ገና ያልታመሙትና በመጠኑ የታመሙት ሲሆኑ፣ የጠናባቸው ሳይወስዱት ይሞታሉ። ያልተበላው መኖ ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳል። አርቢው መድኃኒት ከሰጠ በኋላም የመድኃኒቱ ቅሪት ከሥጋው እስኪወጣ ድረስ ዓሣውን መሸጥ አይችልም። በዚህ ጊዜ ዋጋው ቢወጣም ቢወርድም ቆሞ ከመመልከት በቀር ምርጫ የለውም። ከሁሉም በላይ ግን በተደጋጋሚ የተሰጠ መድኃኒት ባክቴሪያውን ያለማምደዋል። የተላመደው ባክቴሪያ ነገ ለዓሣው ብቻ ሳይሆን ለሰውም ሕክምና ስጋት ይሆናል።

ኖርዌይ ምን አደረገች?

የኖርዌይ አርቢዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሁለት በሽታዎች ተከታትለው መጡባቸው። የመጀመሪያው በሂትራ ደሴት አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የታየውና “የሂትራ በሽታ” የተባለው የቀዝቃዛ ውሃ ቪብሪዮሲስ ነው። ሁለተኛው ፉረንክሎሲስ የሚባለው፣ በዓሣው ጡንቻ ላይ እባጭ የሚያወጣው በሽታ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ከስኮትላንድ ከተገዙ የሳልሞን ጫጩቶች ጋር አብሮ ገባ። እ.ኤ.አ. እስከ 1992 መጨረሻ ድረስ ከ500 በላይ ወደሆኑ የእርባታ ጣቢያዎች ተዛምቶ ነበር። አንድ የጫጩት ግዥ አንድን ኢንዱስትሪ እስከ ጥፋት አፋፍ ሊያደርስ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ለቪብሪዮሲስ በውሃ የተበጠበጠ ክትባት በ1980ዎቹ መጨረሻ ሥራ ላይ ዋለና ውጤት አሳየ። ፉረንክሎሲስ ግን በዚህ ዓይነቱ ክትባት በበቂ ሁኔታ አልተገታም። መፍትሔው የተገኘው በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሞተውን ባክቴሪያ በዘይት ለውሶ በመርፌ መስጠት ሲጀመር ነው። ዘይቱ ክትባቱን በዓሣው ሆድ ዕቃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ያቆየዋል፤ የዓሣው የመከላከል አቅምም ለሽያጭ እስኪደርስ ድረስ ይዘልቃል። ከዚያ በኋላ የአንቲባዮቲኩ መጠን በጥቂት ዓመታት ውስጥ አሽቆልቁሎ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ አንድ ቶን ገደማ ወረደ።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ዓሣን አንድ በአንድ መከተብ የማይታመን ይመስላል። ነገር ግን ዛሬ የሚደረገው በትክክል ይኸው ነው። ጫጩቶቹ ወደ ባሕር ከመውረዳቸው በፊት፣ ገና ጥቂት አሥር ግራም ሲመዝኑ፣ ማደንዘዣ በተጨመረበት ውሃ ይፈዝዛሉ። ከዚያም በሠራተኛ እጅ ወይም በማሽን አንዳንድ መርፌ በሆዳቸው ይወጋሉ። የአንዱ መጠን ከአንድ ሚሊ ሊትር አንድ አሥረኛ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። በአንድ መርፌ ውስጥ ለአምስትና ለስድስት በሽታ የሚሆን ክትባት ተደባልቆ ሊገኝ ይችላል።

ከክትባቱ በኋላ ዓሣው የመከላከል አቅሙን የሚገነባበት ጊዜ በውሃው ሙቀት ይወሰናል። አርቢዎች ይህን የሚያሰሉት ቀኑን በውሃው ሙቀት በማባዛት ሲሆን፣ በተለምዶ 500 ያህል ይጠበቃል። ውሃው 10 ዲግሪ ቢሆን 50 ቀን፣ አምስት ዲግሪ ቢሆን 100 ቀን ማለት ነው። ቸኩሎ ቀኑ ሳይሞላ ወደ ባሕር ያወረደ ሰው የከፈለበትን ጥበቃ ሳያገኝ ይቀራል።

ክትባቱ ያለ ዕዳ አልመጣም። ዘይቱ የሆድ ዕቃን እርስ በርስ ያጣብቃል፤ በቀደሙት ዓመታት ዕድገት ያቀጭጭ፣ አከርካሪም ያጣምም ነበር። ኩባንያዎች መጠኑን እየቀነሱ ጉዳቱን አቅልለውታል። በሌላ በኩል የኖርዌይን ውጤት ለመርፌ ብቻ መስጠት ትክክል አይሆንም። በጣቢያዎች መካከል ርቀት እንዲኖር፣ የአንድ ዓመት ጫጩት ከሌላው ዓመት ጋር እንዳይቀላቀል፣ ዓሣው ከተነሣ በኋላም ቦታው ለተወሰነ ጊዜ ባዶ እንዲሆን የሚያስገድዱ ደንቦች አብረው ወጥተዋል።

ኖርዌይ ከሞት ሁሉ ነጻ ወጥታለች ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በባሕር ላይ ካሉት ሳልሞኖች ወደ 63 ሚሊዮን የሚጠጉት፣ ማለትም ከመቶ ወደ 17 የሚሆኑት ሞተዋል። ከምክንያቶቹ መካከል የባሕር ቅማልን ለማራገፍ የሚደረገው ማንገላታት፣ የጉንድን በሽታና ቫይረሶች ይገኙበታል። ከባክቴሪያዎችም ቢሆን የክረምት ቁስል የሚባለው ክትባቱን እያለፈ ይታያል። የኖርዌይ ደንብ ቁስል ያለበት ዓሣ በአገር ውስጥ ተስተካክሎ ካልተዘጋጀ በቀር እንዲሁ ወደ ውጭ እንዳይላክ ይከለክላል። ስለሆነም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ቁስል ያለበት ዓሣ ሲበዛ ጤናማው ተወደደ፤ የቆሰለው ደግሞ በቅናሽ ተሸጠ። በሽታ ባይገድልም ዋጋ ይገድላል።

ቺሊ፦ መርፌው ያልበቃበት

የቺሊ ችግር ስሙ ፒሲሪኬትሲያ ሳልሞኒስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በዚያው በቺሊ የሳልሞን እርባታዎች ውስጥ ታውቆ፣ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የአገሪቱ ቀንደኛ ገዳይ ሆኖ ቆይቷል። ይህ ባክቴሪያ እንደ ፉረንክሎሲስ በደም ውስጥ ተጋልጦ አይገኝም። የሚደበቀው በዓሣው ሕዋሳት ውስጥ፣ ያውም በሽታን እንዲዋጉ በተሰማሩት ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ነው። የሞተ ባክቴሪያ በመርፌ ሲሰጥ ዓሣው የሚያዘጋጀው መከላከያ በደም ውስጥ ስለሚዘዋወር፣ በሕዋስ ውስጥ የተሸሸገውን ጠላት አያገኘውም። ክትባቱ ጫጩቶቹ ባሕር ከወረዱ በኋላ ለጥቂት ወራት ያህል ይጠብቃቸውና ዓሣው በጣም ውድ በሚሆንበት በመጨረሻው ጊዜ ይከዳል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተዳከመ ነገር ግን ሕይወት ያለው ባክቴሪያ የያዘ ክትባት በቺሊ ተፈቅዶ ገበያ ላይ ውሏል። ከሞተው የተሻለ ተስፋ የሰጠ ቢሆንም በሽታውን እንደ ኖርዌዩ ከሥሩ አልነቀለውም። የቺሊ የመድኃኒት መጠን ካለፈው አሥር ዓመት ከፍታ ዝቅ ብሏል፤ ሆኖም ዛሬም በመቶዎች ቶን የሚቆጠር ነው። ከዚሁ ውስጥ እጅግ የሚበዛው ፍሎርፌኒኮል የተባለው አንድ መድኃኒት መሆኑ ደግሞ ባክቴሪያው ቢላመደው ሌላ መሸሻ አለመኖሩን ያሳያል።

ገዥ ሲያኮርፍ

የዚህ ሁሉ ዋጋ በገበያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ኮስትኮ የተባለው የአሜሪካ ግዙፍ የችርቻሮ ኩባንያ በዚያን ጊዜ በሳምንት ወደ 600 ሺህ ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 270 ቶን የሚሆን የሳልሞን ሥጋ ይሸጥ ነበር። ከዚህ 90 በመቶ ያህሉ ከቺሊ ይመጣ ነበር። በዚያ ዓመት ኩባንያው በአንቲባዮቲክ ስጋት የተነሣ ግዥውን 60 በመቶ ከኖርዌይ፣ 40 በመቶ ከቺሊ ለማድረግ መወሰኑ ተሰማ። የቺሊ ዓሣ አልተመረዘም፤ በሕግ የተከለከለ ቅሪትም ተገኘበት አልተባለም። ገዥው ያኮረፈው በአመራረቱ ነው።

ከዚህ በኋላ የመድኃኒት መጠን በሳልሞን ንግድ ውስጥ እንደ ክብደትና እንደ ጥራት ደረጃ የሚጠየቅ ነገር ሆኗል። የምስክር ወረቀት ሰጪ ድርጅቶች ለመከላከያ ብቻ ተብሎ የሚሰጥ አንቲባዮቲክን ይከለክላሉ። የአውሮፓ ኅብረትም ለእንስሳት ማፋፊያነት የሚሰጥ አንቲባዮቲክን ከጥር 1 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አግዷል። የዕፅዋት ውህዶች ንግድ የሞቀውም አንቲባዮቲኩ የተወውን ቦታ ለመያዝ ነው።

ቅጠሉስ የት ያደርሳል?

ነጭ ሽንኩርት የኢትዮጵያ እናቶች ለጉንፋን የሚያዙት ብቻ አይደለም። በስኮትላንድ ኤድንብራ በሚገኘው ሄሪዮት ዋት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት፣ ነጭ ሽንኩርት በመኖ ተቀላቅሎ ለሁለት ሳምንት የተሰጣቸው ትራውት ዓሦች ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ የተባለውን ባክቴሪያ በመርፌ ሲወጉ አብዛኞቹ ተርፈዋል፤ ካልተመገቡት ግን አብዛኞቹ ሞተዋል። ከኦሬጋኖ ቅጠል የሚወጣው ዘይትም ካርቫክሮልና ታይሞል የሚባሉ ባክቴሪያ ገዳይ ውህዶችን ስለያዘ ዛሬ በብዙ የዓሣ መኖ ውስጥ ይገባል።

በቺሊ ደግሞ ተስፋ የተጣለበት ኪላያ የሚባል የአገሬው ዛፍ ነው። የዚህ ዛፍ ጭማቂ እንደ እንዶድ አረፋ የሚያወጣ ሳፖኒን የተባለ ውህድ አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ የላቦራቶሪ ጥናት ጭማቂው ፒሲሪኬትሲያ ወደ ዓሣ ሕዋስ እንዳይገባ ሲያግድ ታይቷል፤ በመኖ ተቀላቅሎም ለአርቢዎች ይሸጣል። የሚገርመው ከዚሁ ዛፍ የሚወጣ ንጥረ ነገር ለሰው በሚሰጠው የወባ ክትባት ውስጥም የክትባቱን ኃይል ለማጎልበት ይገባል። ቅጠልና ክትባት ተቀናቃኝ ሳይሆኑ አጋዥ ሊሆኑ እንደሚችሉ አንድ ማሳያ ነው።

ይሁን እንጂ ገዥ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ክትባት አንድን ባክቴሪያ ለይቶ ለረጅም ጊዜ ያስታውሳል፤ ቅጠል ግን አያስታውስም። መኖው ሲቋረጥ ጥቅሙም አብሮ ይቋረጣል፤ ስለሆነም ወጪው የአንድ ጊዜ ሳይሆን የየዕለት ነው። ሁለተኛ፣ የዕፅዋት ኃይል በበቀለበት አፈር፣ በተቆረጠበት ወቅትና በተጨመቀበት መንገድ ይለያያል። በጥሩ ዘይት የተገኘ ውጤት በቀጣዩ ጭነት ላይደገም ይችላል፤ የሚተንነው ዘይትም መኖው በሙቀት ሲፈበረክ ሊጠፋ ይችላል። ሦስተኛ፣ በጋን ውስጥ የተሞከረ ነገር ማዕበል፣ ቅማልና ሙቀት በሚያስጨንቁት ባሕር ውስጥ ያንኑ ውጤት ላይሰጥ ይችላል።

ከዕፅዋት የመጣ ሁሉ ለዓሣ ደግ ነው የሚለውም ስህተት ነው። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ሲጣል ዓሣ አስክሮ እንደሚያንሳፍፍ በአገራችን ዓሣ አስጋሪዎች ዘንድ ከጥንት የታወቀ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያስተዋሉት እንዶድም በውሃ ውስጥ ሲበዛ ዓሣን ይጎዳል። መድኃኒትና መርዝ የሚለያዩት በመጠን ነው፤ መጠኑን በቁጥር የማይናገር ሻጭ መድኃኒት እየሸጠ ስለመሆኑ ማረጋገጫ የለም።

ትልቁ ካፒታል ወዴት ሄደ?

ገንዘብ ያላቸው ኩባንያዎች የት እንደሚያውሉት መመልከት ለኢንቬስተር ከብዙ ወሬ ይሻላል። ዞኤቲስ የተባለው የአሜሪካ የእንስሳት መድኃኒት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖርዌዩን የዓሣ ክትባት አምራች ፋርማክን በ765 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ኤም ኤስ ዲ የኤላንኮን የዓሣ ጤና ሥራ በ1.3 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ወሰደ። ሁለቱም ግዥዎች የሚያሳዩት ትልቁ ካፒታል በመከላከል ላይ መወራረዱን ነው። የዕፅዋት ውህዶች ንግድ በአንጻሩ በብዙ መካከለኛና ትናንሽ የመኖ ቅመም አቅራቢዎች የተያዘ ነው። ለመግባት ቀላል ቢሆንም ለመለየት አስቸጋሪ ገበያ ነው።

ለቆሮሶ ሒሳቡ ሌላ ነው

ሳልሞን ለኢትዮጵያ ነጋዴ ፍጹም ባዕድ አይደለም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጭነት አውሮፕላኖች የኖርዌይ ሳልሞን ከኦስሎ ወደ ቻይና አጓጉዘዋል። በአገር ውስጥ ገበያ ግን የሚሸጠው ከጣና፣ ከዝዋይ፣ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች የሚሰገር ቆሮሶና አምባዛ ነው። እርባታው ገና በትናንሽ ኩሬዎች የተወሰነ ነው። በጾም ወራት ፍላጎቱ ሲንር አቅርቦቱ አብሮ ስለማይጨምር፣ በኩሬና በሐይቅ ላይ መረብ ቆሮሶ ለማርባት የሚያስቡ ባለገንዘቦች አሉ።

የቆሮሶ ቀንደኛ ጠላት ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲኤ ነው። ውሃው ሲሞቅና ዓሣው ሲጨናነቅ ይነሣል፤ ዓይኑን ያፈጠጠና እየተሽከረከረ የሚዋኝ ዓሣ ምልክቱ ነው። በእስያና በላቲን አሜሪካ ከፍተኛ ጉዳት አድርሷል፤ በጋናው ቮልታ ሐይቅ የቆሮሶ እርባታዎችም ተመዝግቧል። ክትባት አለው፤ ሆኖም ባክቴሪያው የተለያዩ ዓይነቶች ስላሉት ለአንዱ የተሠራው ለሌላው ላያገለግል ይችላል።

እዚህ ላይ ነው የኖርዌይ ሒሳብ እንዳለ የማይገለበጠው። ሳልሞን አምስት ኪሎ ሆኖ ይሸጣል፤ የአንዱ መርፌ ወጪ ለአምስት ኪሎ ይከፋፈላል። ቆሮሶ ግን ግማሽ ኪሎ ሳይሞላ ለገበያ ይቀርባል። የመርፌው ዋጋና ጉልበቱ እኩል ቢሆን እንኳ በኪሎ የሚያርፈው ወጪ አሥር እጥፍ ይሆናል፤ የኪሎው መሸጫ ዋጋ ደግሞ ከሳልሞን ያነሰ ነው። በመኖ የሚሰጡ የዕፅዋት ውህዶች ለቆሮሶ አርቢ ይበልጥ የሚያማልሉት ለዚህ ነው። ጦስኝ በደጋው መስክ የሚበቅል መሆኑና እንደ ኦሬጋኖ ታይሞልና ካርቫክሮል መያዙ አንዳንዱን ሊያስጎመጅ ይችላል። ነገር ግን በአገር ውስጥ ዓሣ ላይ በመጠን ተለክቶ ያልተፈተነ ቅጠል ገና ሸቀጥ አይደለም።

ስለሆነም ገንዘቡን ወደ ውሃ የሚያስገባ ሰው መርፌም ሆነ ቅጠል ከመግዛቱ በፊት የሚያወጣቸው ርካሽ ወጪዎች አሉ። ጫጩቱ ከየት እንደመጣ ማጣራትና ለይቶ ማቆየት የመጀመሪያው ነው፤ ኖርዌይን ያከሰራት ከውጭ የገባ ጫጩት ነበርና። ዓሣውን አለማጨናነቅ፣ የሞተውን በየቀኑ ማውጣትና መቁጠር፣ በሽታ ሲታይም የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ በላቦራቶሪ ማስለየት ቀጥለው ይመጣሉ። ሰበታ የሚገኘው ብሔራዊ የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ምክር ለመጠየቅ የመጀመሪያው በር ነው። ጠላቱ ሳይታወቅ የተገዛ ክትባት ገንዘብን ውሃ ውስጥ መጣል ነው፤ ጠላቱ ሳይታወቅ የተሰጠ አንቲባዮቲክ ደግሞ ነገ የማይሠራ መድኃኒት ነው።

ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚለው ብሂል ለሰው የተነገረ ቢሆንም በዓሣ ንግድ ውስጥ በቶንና በዶላር ተመንዝሯል። ኖርዌይ አስቀድማ ከፍላ ገበያውን ወሰደች። ቺሊ በየዓመቱ በመድኃኒት እየከፈለች፣ የኮስትኮን የመሰለ ደንበኛ ደግሞ ከእጇ ሲያፈተልክ ተመለከተች። ገና ያልጀመረ ገበያ ያለው ዕድል የሁለቱን ሒሳብ ሳይከፍል መማር መቻሉ ነው።